የርስት፣ የውልና የካርታ አባባሎች፦ ከከተማው ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ በምትሰፋበት ዳር ዳሩን፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን፣ በሰበታና በቡራዩ በኩል፣ የቦታ ጉዳይ ይዞ የተቀመጠ ሽምግልና ተረት ሳይጠቀስበት አይበተንም። ውልና ማመልከቻ መጻፍ እንጀራዬ ስለሆነ እነዚህን አባባሎች ከሻጭም፣ ከገዢም፣ ከደላላም አፍ እሰማቸዋለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ደግሞ ትርጉማቸውን አይደለም፤ ትርጉማቸውንማ ከእናቱ ጓዳ ይዞት ያደገ ነው። የሚጠይቀኝ «ይሄ ነገር ዛሬ ያስኬዳል ወይ?» ብሎ ነው። መልሴ ከአንድ ሐሳብ አይርቅም፦ አብዛኞቹ ተረቶች ከካርታ፣ ማለትም ከይዞታ ማረጋገጫው ወረቀት፣ በፊት የተወለዱ ናቸው፤ ተረት ሲጠቀስባችሁ ስለ የትኛው መብት የተነገረ እንደሆነ መርምሩ። ከታች ያለው የጠበቃ ምክር አይደለም። ክርክር ላይ ያለ ሰው ጠበቃ ይያዝ።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል። የአያቴ መሬት እዚህ ነበር፤ ልጠይቅበት?

በብዛት የሚጠቀሰውም፣ በብዛት ያለ ቦታው የሚጠቀሰውም ይሄ ነው።

አባባሉ የተወለደው ርስት በዘር በሚቆጠርበት አገር ነው። በጎጃም፣ በበጌምድርና በመሳሰሉት አካባቢዎች ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ ቆጥሮ የሚጠይቀው ድርሻ ነበር። የተሰደደ ሰው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ተመልሶ ዘሩን ቆጥሮ ካስረዳ «ጊዜው አልፎብሃል» አይባልም። ሺህ ዓመቱ ግነት ነው። ሐሳቡ ግን ግነት አልነበረም፤ የርስት መብት በጊዜ ብዛት አይሞትም ማለት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳን ይህን ሐሳብ ጨርሶ አልጣለውም። ቁጥር 1000ን አውጥታችሁ እዩት። ወራሽ ነኝ ባይ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ባያውቅም እንኳ 15 ዓመት ካለፈ አይሰማም። ሆኖም ከዚህ ከ15 ዓመቱ ገደብ ላይ ሕጉ የዘር ርስትን ለይቶ ያወጣዋል። ያገር ሽማግሌ ሲለው የኖረውን የሕግ አርቃቂዎቹ በአንድ ሐረግ አስገብተውታል።

ነገሩ የተለወጠው በ1967 ነው። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ስለዚህ «እዚህ ኮረብታ ላይ አያቴ አንድ ጋሻ መሬት ነበራቸው» ብሎ የሚመጣ ሰው ልብ ቢያሳዝንም የሚጽፍለት ማመልከቻ የለም። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ግድም ነው፤ ዛሬ እዚያ ላይ ስንት ብሎክ ኮንዶሚኒየም እንደቆመ አስቡት።

አባባሉ ዛሬም ሕይወት የሚኖረው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ወላጆቻቸው ከ1967 በኋላ የያዙት የእርሻ ይዞታ ላይ ካሳና ምትክ ቦታ ሲመጣ፣ አንዱ ወንድም ብቻውን ፈርሞ የወሰደባቸው ልጆች ዘንድ። እነሱ ሲጠቅሱት የሚያወሩት ስለ መሬቱ ባለቤትነት አይደለም፤ ስለ ውርስ ድርሻ ነው። ያ በፍርድ ቤት ይሰማል። ግን ሺህ ዓመት አይጠብቃችሁም። ያወቃችሁ ቀን ወረቀት አስጽፉ፣ ሦስቱ ዓመት መቆጠር ጀምሯል።

ርስትና ጉልት አንድ አይደሉም እንዴ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ርስት የዘር ነው፣ ጉልት የሹመት። ባለ ጉልቱ መሬቱን አያርስም፤ ከሚያርሰው ላይ ግብር ይቀበላል። ደመወዝ በሌለበት ዘመን የሹም ደመወዙ ያ ነበር። ለዚህም ነው አንድ መኳንንት አገር ሲሾም «ጎጃምን በላ» ይባል የነበረው፤ ያኔ ነውር አልነበረውም። ሲሻር ጉልቱ ለተተኪው ይሄዳል፣ ርስቱ ግን አይነካም። ሁለቱን አጣምሮ ለዘር የሚተላለፍ ጉልት ያገኘ ደግሞ ርስተ ጉልት አለው ይባላል፤ ትልቁ ጸጋ እሱ ነበር።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እና «ሹመት በተርታ ሥጋ በገበታ» በዚህ ዓለም የተነገሩ ናቸው። ሹመት ያልፋል፣ ተራው የሌላ ይሆናል፣ በጊዜህ ተጠቀም ነው ነገሩ። ዛሬ ግን የመሬት ቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በወር ደመወዝ የሚበላ ነው። ተረቱን እያጣቀሰ «ለሻይ» ሲል ጉልት የተሰጠው እየመሰለው ከሆነ ተሳስቷል፤ ጉልት ቀርቷል። ይህን ስል ሰዎች ይስቃሉ፣ ግን ማመልከቻ ይዞ ለተመላለሰ ሰው ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ገበሬ ቤት ስትገቡ የርስቱን ተረት ያን ያህል አትሰሙትም። በዚህ በሸዋው በኩል ብዙው መሬት በቀላድ ተለክቶ፣ በጋሻ ተሸንሽኖ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት የተሰጠ ነበር፤ የሚያርሰው ጭሰኛ ነው። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ «ቀላድ ተጣለበት» ሲባል መሬቱ ተለካ ማለት ነው። ጭሰኛው የርስት ተረት ምን ያደርግለታል? ለእሱ ቅርብ የነበረው በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት የወጡት «መሬት ላራሹ» ነው። እሱ መፈክር እንጂ ተረት አይደለም፤ ሆኖም ዛሬም የካሳ ነገር ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ይጠሩታል።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እና «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»። የትኛውን ልመን?

ሻጭ የመጀመሪያውን ይጠቅሳል። ገዢ ሁለተኛውን መጥቀስ አለበት።

የመጀመሪያው የክብር ቃል ነው። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ልጁን ከቀበረ ሰው የባሰ ኪሳራ ውስጥ ነው እያለ ነው። በእድር፣ በእቁብ፣ በጋብቻ ሽምግልና ዛሬም ይሠራል፣ ይሥራም። መሬት ላይ ግን ቃሉን የሰጠው ሰውዬ ቢታመን እንኳ ሲሞት ልጆቹ ቃሉን አልሰጡም። እዚህ ላይ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ይወረሳል የሚለው ቃል በከንቱ አልገባም።

ችግሩ ግን ሁሉም ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም። የመንደር ውል የሚባለውን እንየው። ባለ መስመር ወረቀት ላይ በእጅ ይጻፋል። ርእሱ «የቤት ሽያጭ ውል» ይላል፤ ቦታው ላይ ግን ያለችው አንዲት የጭቃ ቤት ናት፣ አንዳንዴም እሷም የለችም፣ ባህር ዛፍ ብቻ ነው። መሬት አይሸጥም የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቅ «ቦታ ሸጥኩ» ብሎ የሚጽፍ የለም። አንዳንዱ «የስጦታ»፣ አንዳንዱ «የብድር ውል» ያስብለዋል። ከዚያ አዋሳኙ ይዘረዘራል፦ በምሥራቅ አቶ እገሌ፣ በምዕራብ የጋሪ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ የወይዘሮ እገሊት አጥር። ቀጥሎ «ብሩን በእጄ ቆጥሬ ተቀብያለሁ፤ ተቃዋሚ ቢመጣ እኔ ሻጭ እከራከራለሁ» ይላል። ከዚያ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ይህን ያህል ይከፍላል»። መጨረሻ ላይ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ተብሎ የምስክሮች ስምና የጣት አሻራ ይደረግበታል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥሮች እውነተኛ ናቸው። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል፤ 2005 ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ብርታት ነው። ከእነሱ ጎን ግን ማንም የማይጠቅሰው 1723 አለ። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት መደረግ አለበት የሚለው እሱ ነው። በእኛ አፍ «ውልና ማስረጃ» የምንለው ቢሮ ማለት ነው። ያ ቢሮ ደግሞ ካርታ ካላየ፣ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ካልተጣራ አያዋውልም። ካርታ የሌለው ቦታ ስለዚህ በመንደር ውል ይዞራል፤ ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ቁጥር የወረቀቱ ብዛት ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ሻጭ ፊርማ ይደበዝዛል፣ የጋሪ መንገዱ አስፋልት ሆኖ አዋሳኙ ይጠፋል።

ቦታው የእርሻ መሬት ከሆነማ የባሰ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997ም ሆነ እሱን የተካው 1324/2016 ለገበሬው የመጠቀም፣ የማከራየትና የማውረስ መብት ሰጡት እንጂ ሽጥ አላሉትም። በገበሬው የይዞታ ደብተር ላይ ተማምኖ ብር የቆጠረ ሰው «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ሲባልበት ይኖራል።

እና ምን ይደረግ? የመንደር ውል በእጃችሁ ካለ አትጣሉት። ቢያንስ ገንዘብ መቀባበላችሁን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዛችሁ ያሳያል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን እዚህ ላይ ቃል በቃል ውሰዱት፦ አራት ታጥፎ ፌስታል ውስጥ የተቀመጠ ውል መጀመሪያ የሚቀደደው እጥፋቱ ላይ ነው፣ እጥፋቱ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚገኘው የብሩ መጠን ነው። ሳታጥፉ ክላሰር ውስጥ አኑሩት፣ ኮፒ አድርጉት።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ለድንበር ክርክር ይጠቀሳል?

የተነገረው ለሰው ክብር ነው፤ ልጁን የሚመታ አባቱን የናቀ ነው እንደማለት። ከከተማው ዳር ግን ሰዎች አጥሩን አጥር አድርገው ነው የሚረዱት፣ እውነትም አላቸው።

አጥር መነቅነቅ እንዴት እንደሚጀምር በዚህ ሰፈር የኖረ ያውቀዋል። ጎረቤት ቆርቆሮውን ሲቀይር አሮጌው እንጨት የነበረበትን ጉድጓድ ትቶ አንድ ክንድ ወደ እናንተ ይቆፍራል። «ድንጋይ ስላጋጠመኝ ነው» ይላል። ክረምት ያልፋል፣ አጥሩ ሥር ጎመን ይተከላል፣ በዓመቱ ጎመኑ ላይ ሽንት ቤት ይቆማል። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ወይም መሃል ከተማ ነው። ሲመጣ «ድሮም እዚሁ ነበር» ይባላል። ሽማግሌ የተቀመጠ እንደሆነ አንዱ አባት ኦሪት ዘዳግምን ያነሳሉ፤ የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈርስ ርጉም ይሁን የሚለው እዚያ አለ። እርግማኑን የሚፈራ ጎረቤት ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

የማይፈራ ከሆነ ሕጉ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ ይፈቅዳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ነው፤ ጊዜው ግን 2 ዓመት ብቻ ነው፣ ይዞታው ከተነጠቀበት ወይም ሁከቱ ከተነሳበት ቀን የሚቆጠር። በዚህ ክስ ባለቤት መሆናችሁን ሳይሆን ይዛችሁት እንደነበረ ነው የምታስረዱት፤ ካርታ ለሌለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሁሉ «ጎረቤት ነው፣ ልቻለው» እያለ ሁለቱን ዓመት ይጨርሳል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልለው ይዳዳኝና እተወዋለሁ።

ምስክር ይዣለሁ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» አይደል?

ነው። ድንበር ሲተከል ያዩ፣ እዚያው የከረሙ ሽማግሌዎች ቃል ይከበራል፤ ለይዞታ ክርክር የሰው ምስክር አሁንም ይቀርባል። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታ ሲጣራ የሚሰማው ዋናው «የነበረ» ሰው አይደለም፤ ፎቶ ነው። በ1988፣ በ1997 እና በ2003 የተነሱት የአየር ፎቶዎችና የመስመር ካርታዎች ላይ ቤታችሁ መታየት አለመታየቱ ነው የሚጠየቀው። «የሰማንያ ስምንቱ ላይ አለ?» ሲባባሉ የምትሰሙት ለዚህ ነው። እትዬ እገሊት «እዚህ ቤት ልጅ ወልጄበታለሁ» ብለው ቢምሉ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው የጤፍ ማሳ ከሆነ መሐላቸው ብዙ አይረዳቸውም።

ጉዳያችሁ የሰው ምስክር የሚሻ ከሆነ ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ የነበሩት ሰዎች ያረጃሉ። አጠገባችሁ ያሉት አባባ ዛሬ የሚያስታውሱትን ዛሬ አስጽፉ።

የጨረቃ ቤት ለምን ተባለ?

ቀን ቀን ደንብ አስከባሪ ስላለ ሌሊት በጨረቃ ስለሚሠራ ነው። ማታ ባዶ የነበረ ቦታ ላይ ንጋት ሲሆን ቆርቆሮ ለብሶ ሰው ገብቶበት ይገኛል። ዛሬ ቀን በቀን፣ በብሎኬት የተሠራውንም ካርታ ከሌለው በዚሁ ስም ይጠሩታል።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይባላል። ታዲያ ለምን ባል ብቻውን ይሸጣል?

ቀልድ የለም የሚለው ለውጭ ሰው ነበር፤ መንካት የሚያስገድል ሁለት ነገር ለማለት። ሚስትን ከርስት ጋር ንብረት አድርጎ ማሰለፉን እኔ አልወደውም፣ ግን የተባለው ይሄ ነው። ሕጉ አሁን ነገሩን ገልብጦታል፦ ሚስት የምትቆጠረው ከባለቤቶቹ ወገን ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አንቀጽ 68 ላይ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለመለወጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ «ያገባ ነው ያላገባ?» ብለው ማስረጃ የሚጠይቋችሁ ለዚህ ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ብቻውን አይበቃም።

በመንደር ውል ላይ ግን ባል ይፈርማል፣ ሚስት ቡና ታፈላለች። ገዢ ከሆናችሁ ቡናውን ጠጡና እሳቸውም ይፈርሙ በሉ። እሳቸው ያልፈረሙበት ውል በኋላ ይፍረስልኝ ብለው ሲከሱበት ብዙ አይቻለሁ፣ ልክም ናቸው።

የቢሮው ቋንቋ አይገባኝም። «ካርታው መክኗል» ተባልኩ።

እሱ ክፉ ዜና ነው። ካርታ መከነ ማለት የሰጠው አካል ሰርዞታል፣ ከእንግዲህ አይሠራም ማለት ነው። ያላግባብ ተሰጥቷል፣ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ካርታ ወጥቷል፣ ወይም ቦታው ለልማት ተፈልጓል ሲባል ይመክናል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተነገራችሁን ይዛችሁ ቅሬታ ሰሚ ጋ አትሂዱ።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ስም ማዞር በገዢው ስም ካርታ ማውጣት ነው። አሹራ ስም ሲዞር የሚከፈለው ነው፣ ከቴምብሩ ለብቻ። እገዳ ማለት ባንክ ወይም ፍርድ ቤት «እንዳይሸጥ» ብሎ በፋይሉ ላይ ያስቀመጠው ደብዳቤ ነው። ነባር ይዞታ ከሊዝ በፊት የተገኘ ቦታ ነው፤ የሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ፋይሉ ጠፋ ሲሏችሁ ግን ምን ማለት እንደሆነ ለመተርጎም ሙያዬ አይበቃም።

«ካርታ ያለው ባለቤት ነው» ለሚሉትም እግረ መንገዴን፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ካርታ የያዘውን ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፣ ቁጥር 1195። ቁጥር 1196 ደግሞ ያ ግምት መቼ እንደሚፈርስ ይዘረዝራል፤ ካርታው ሥልጣን በሌለው ክፍል ወይም ከሥርዓት ውጪ የተሰጠ ከሆነ ለምሳሌ። ካርታ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ የማይነቃነቅ ግን አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ እየቆጠብኩ ነው፤ ጎረቤቶቼ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሾፉብኛል።

«ወተቷንም አላይ» ብላችሁ ጨርሱላቸው፣ ተረቱ እሱ ነው። ለሃያ ሰማንያም ለአርባ ስልሳም፣ ገና መሬት ያልወጣ የሪል እስቴት አፓርታማ በየወሩ ለሚከፍሉም ይባላል። ላሟ ግን በሰማይ የምትሆነው ቁጥሯና ውሏ ከሌለ ነው። የቁጠባ ደብተራችሁና የምዝገባ ወረቀታችሁ በእጃችሁ ካለ ይቆጠርላችኋል። ሪል እስቴት ከሆነ ድርጅቱ በቦታው ላይ የራሱ ካርታና የግንባታ ፈቃድ እንዳለው ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዩ።

ለደላላ የሚሆን ተረት አለ?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። ደላላው ራሱ ይጠቅሰዋል፣ ስለ ሌላው ደላላ። ሥራቸውን ግን አልንቅም፤ አንድ ጥሩ ደላላ ከሁለት ቢሮ የማታገኙትን የቦታ ታሪክ በቃሉ ይነግራችኋል። ከፋዩ ማን እንደሆነ ብቻ አስታውሱ።

ሽማግሌ ፊት ተረት ሲጠቀስብኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ተረትን በተረት መመለስ ያምራል፣ ግን ማን እንደጠቀሰው እዩ። ታላቃችሁ ከሆኑ «ልክ ብለዋል አባባ፣ ግን...» ብላችሁ ጀምሩና ሌላ ተረት አንሱ፤ ቀጥታ «ያ ድሮ ቀረ» ማለት ነገር ያበላሻል። «ርስት በሺህ ዓመቱ» ላሉ አባት «እውነት ነው አባባ፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳልም ይባላል፤ ጽሑፉን ያሳዩንና እንየው» ማለት ይቻላል። አልተሰደቡም፣ ነገሩም ወደ ወረቀት ዞረ። ሻጩ ጋሼ እገሌ «በቃሌ እመኑኝ» ካሉ «ቃልዎንማ እናምናለን ጋሼ፣ ልጆችዎ እንዳይቸገሩ ነው» በሉ። ይህን ሰምተው የተቆጡ ሽማግሌ አላየሁም፤ ከተቆጡ ግን ብሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

«ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ወንዝ ሲጎድል ተሻገር» የሚለውን ደግሞ ለራሳችሁ ያዙት። ሽማግሌ ፊት ያልተናገራችሁትን ነጥብ በኋላ ፍርድ ቤት ስታነሱ «ያኔ ለምን ዝም አልክ?» ትባላላችሁ። ሽምግልናው ሲያልቅም የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ሽማግሌዎቹን አስፈርሙ።

ቦታዬ አዲስ አበባ ይሁን ሸገር ግራ ገብቶኛል። ለዚህስ ተረት አለ?

ለዚህ እስካሁን የሰማሁት የለም። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 ስምምነት ተደርጎበታል፣ በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ድሮ ለአንዱ ወረዳ ግብር ይከፍሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሌላ መስኮት ላይ ይሰለፋሉ። ካርታችሁ ወይም የግብር ደረሰኛችሁ ላይ ያለውን ማኅተም እዩ፣ መጀመሪያ ወደዚያ ቢሮ ሂዱ፤ ፋይላችሁ ወደ ሌላው ተዛውሯል ከተባላችሁ ፋይሉ የተላከበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተቀበሉ። ያለዚያ ሁለቱ መስኮቶች መሀል ስትመላለሱ ትከርማላችሁ።